ለሜዳው የተለቀሰ ለቅሶ

የፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ራሱን በመስታወት ሲያይ የሚያዳምጠው ሰው ያገኘ ይመስለዋል። ምናልባትም ምላጩ አንገቱ ላይ ስላለ ከእኔ ጋር መወዳጀት ይፈልጋል። ብቻ እዚህ እንጅባራ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ቆሰበር በምንላት ከተማ፣ የሕዝብ አስተያየት መስማት የፈለገ ሰው አዳራሽ አይሂድ። እኔ ጋ መጥቶ ጥግ ይዞ ይቀመጥ። አዳራሽ ውስጥ የምትሰሙት አስተያየት ተቆርጦ የተበጠረ ነው። እኔ ጋ ያለው ገና እንደበቀለ ነው።

ለምሳሌ የሜዳውን ጉዳይ ላጫውታችሁ።

ሜዳው የከተማችን ጫፍ ላይ ነው። ነው ልበል ወይስ ነበር? ነበር ማለቱ ይሻላል። ሣር ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ከብት ይግጥበታል፣ ፈረስ ይጋልብበታል፣ ሰው ሲሞት ይለቀስበታል። እኛ ሜዳ እንለው ነበር። በኋላ የከተማ ፕላን የሚሠሩ ሰዎች መጡና ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀብተው «አረንጓዴ ቀበቶ» አሉት። ከተማዋ ስትሰፋ አየር እንዳታጣ ነው፣ ማንም አይነካውም ተባልን። ደስ አለን። ሆዱ እየሰፋ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚፈታው ቀበቶውን መሆኑን ያኔ ማን አሰበ?

አሁን አያ ቢተውን ላስተዋውቃችሁ። የባለቤቴ አባት ናቸው። ቤታቸው ከሜዳው አጠገብ ነው። አገራችን የፈረስ አገር መሆኑን መቼም ሰምታችኋል። በየዓመቱ ጥር ላይ ፈረሰኞቻችን ተሸልመው ሲጋልቡ በቴሌቪዥን ያላየ የለም። አያ ቢተው ከነዚያ አንዱ ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ኮርቻ ላይ የሚወጡት በሰው ድጋፍ ነው። ፈረሳቸው ዳማው ይባላል። መልኩ ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ስለሆነ ዳማው አሉት፤ ስም ለማውጣት የሚጨነቁ ሰው አይደሉም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚያወሩት ከሱ ጋር ነው። አዊኛቸውን ለሱ ይናገራሉ፣ ለእኛ አማርኛው ይተርፈናል።

አያ ቢተው ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር። ሲሞቱ ዳማው የክብር ልብሱን ግላሱን ለብሶ፣ ልጓሙን ጎርሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ሜዳው ላይ እየተሳበ እንዲዞርላቸው። የፈረሰኛ ለቅሶ እኛ ጋ እንዲህ ነው። የሟቹ ፈረስ ከፊት ይሄዳል። ማንም አይቀመጥበትም፣ ምክንያቱም የሚቀመጥበት ሰው የለም። ሌሎቹ ፈረሰኞች ቀስ ብለው ይከተላሉ። አይጋለብም። የፈረሶቹ ጌጥ የበዓሉ ጌጥ ነው፤ ልዩነቱ እርምጃውና ያ ባዶ ኮርቻ ብቻ ነው። ያንን አይቶ ያላለቀሰ ሰው ካለ እኔ ፀጉሩን አልቆርጥለትም።

ታዲያ አንድ ቀን ወሬው መጥቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። ሜዳው ላይ የቀርከሃ ፋብሪካ ሊቆም ነው፣ ለወጣቱ ሥራ ሊከፈት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ደንበኛ አላስታውስም። አንዱ «ሜዳ ይበላል እንዴ?» ይላል። ሌላው «ላሜ ትበላዋለች፣ እኔ ላሟን እጠጣለሁ» ይለዋል። አንድ አስተማሪ ነበር፤ ፀጉሩን ስቆርጠው አረንጓዴ ቦታ የሌላት ከተማ ታንቃ ትሞታለች ብሎ እስኪያልበው ተናገረ። ያንኑ ሰው በሳምንቱ አዳራሽ ውስጥ ፋብሪካውን ሲያወድስ ሰማሁት። ፀጉሩ ገና አላደገም ነበር።

እኔስ? እኔማ ሰናይት አለችኝ። ልጄ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ፣ ጋዋኗን ለብሳ፣ እናቷ እልል ብላላት፣ አሁን የፀጉር ቤቴን ፎጣ ታጥባለች። ኔትወርክ ሲኖር የሥራ ማስታወቂያ ታያለች፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ፎጣ ታሰጣለች። እንዲህ ያለች ልጅ እያለችኝ ምን እንድል ትፈልጋላችሁ? ፋብሪካው ይምጣ አልኩ። እናንተም ብትሆኑ ትሉ ነበር፤ አትመጻደቁብኝ።

ሰናይት ራሷ አንድ እሑድ ለአያቷ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። «አባባ፣ ዳማው ደመወዝ አይከፍለኝም እኮ!» አለቻቸው። የሚቆጧት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «እውነትሽን ነው» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሥራውን አልጠላሁም፣ ግን ከላይ በኩል ያ ሁሉ ድንጋያማ ቦታ እያለ ለምን ሜዳው ሆነ ብለው ጠየቁኝ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ድንጋያማውን መደልደል ብዙ ያስወጣል፣ ሜዳው ግን የተደለደለ ነው አልኳቸው። «ጥፋቱ ሜዳ መሆኑ ነዋ!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አላለኝም።

ስብሰባው ተጠራ። የመጀመሪያው ንግግር «ልማቱን ከተቀበልን በኋላ አስተያየት እንሰጣለን» የሚል ነበር። ምን ዓይነት አስተያየት እንደሚተርፍ እናንተው ገምቱ። አያ ቢተው እጃቸውን አወጡ፤ አልታዩም። እንደገና አወጡ፤ አሁንም አልታዩም። እንደ ስልክ እንጨት ቆሞ የዋለውን እጃቸውን እኔ ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ፣ መድረኩ አያየውም። በመጨረሻ ሰዓት አልቋል ተባለና፣ እንደ ዕድል ሆኖ ያኔ ታዩ። «አባት፣ እርስዎ ይመርቁንና እንለያይ» አሏቸው።

ተነስተው መረቁ። ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ፣ ሰውም ከብትም ይጥገብ፣ ልጅ ሥራ አይጣ፣ ሽማግሌ ቀባሪ አይጣ አሉ። አሜን ተባለ። ስንወጣ ምነው ቅሬታዎን ሳይናገሩ ቀሩ ብላቸው ተገረሙብኝ። «በምርቃት መሐል ቅሬታ ይነገራል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉኝ። በማግስቱ የአገር ሽማግሌዎች ፕሮጀክቱን መርቀው ደግፈዋል የሚል ዜና ሰማን።

ሽማግሌዎቹ ተናደዱ። ከላይ እንግዶች መጥተው ቦታውን ሊያዩ፣ የሕዝቡንም ስሜት በዓይናቸው ሊያረጋግጡ መሆኑን ሲሰሙ አያ ቢተው ቤት ተሰበሰቡ። እኔም ነበርኩ። ድንጋይ እንወርውር ያለ የለም። ዘመኑን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ልጅ አለው። ብዙ ከተባለ በኋላ አያ ቢተው፣ እናልቅስለት አሉ። ለማን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለሜዳው ነዋ! አባቴን የሸኘሁበት ነው፣ ወንድሞቼን የሸኘሁበት ነው። እሱን ራሱን ሳናለቅስለት እንቅበረው?» አሉኝ። ለቅሶ ደግሞ ማንም አይከለክልም። የሚያለቅስን ሰው ማን ፀረ-ልማት ይለዋል?

በዕለቱ ጭጋግ ነበር። ፈረሶቹ ከየቀበሌው መጡ፤ በሙሉ ጌጣቸው፣ ቀዩ ክር ግንባራቸው ላይ፣ ነሐሱ ደረታቸው ላይ። ከፊት ዳማው አለ። ኮርቻው ባዶ ነው። አያ ቢተው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ይስባሉ። ሜዳውን በቀስታ መዞር ጀመሩ። የባጃጅ ነጂዎቹ ሞተር አጠፉ። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ሙሾ አወጡ። ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ቆሜ ነበር፤ ዞር ስል ሰናይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። ፋብሪካ የምትለዋ ሰናይት! እኔም ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ያኔ መኪኖቹ መጡ።

እንግዶቹ ወረዱ። ፈረሶቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እነዚህን ፈረሶች በቴሌቪዥን ያውቋቸዋላ! ስልክ ያልወጣ ኪስ የለም። ባለ ካሜራው መኪና ላይ ወጣ። ጭብጨባ ጀመሩ፤ እኛ ጋ በለቅሶ ላይ ሲጨበጨብ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የሴቶቹን ሙሾ ባህላዊ ዘፈን ነው ብለው ትከሻቸውን የነቀነቁም ነበሩ።

ይህስ ይሁን። ትልቁ እንግዳ፣ መልካም ሰው ይመስላል፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው፣ ባዶውን ኮርቻ አየ። ከፊት የሚመራ፣ የተሸለመ፣ ሽማግሌ የሚስበው ፈረስ። ኮርቻው ላይ ሰው የለም። ለማን ይሆን? ለክብር እንግዳው ነዋ! እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና፣ አጃቢው ደግፎት፣ እግሩን እርካቡ ላይ አድርጎ ወጣ።

የሟቹ ፈረስ ላይ ወጣ።

ሙሾው ተቋረጠ። ፈረሰኞቹ ቆሙ። እኔ አያ ቢተውን አየኋቸው። ልጓሙ እጃቸው ላይ ነው። አሁን ሰውየውን ይጥሉታል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲጥሉትም ፈልጌ ነበር። አልጣሉትም። ወደ መሬት እያዩ ዳማውን ሳቡት፤ ሰውየውን አንድ ዙር አዞሩት፤ መኪናው ዘንድ አድርሰው በክብር አወረዱት። በኋላ ስጠይቃቸው «ምን ላድርግ? እንግዳ ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የሕዝቡ ስሜት በዚህ መልክ ተረጋገጠ። ሜዳው በሽቦ ታጠረ። በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ቆመ፤ እንግዳው ዳማው ላይ ተቀምጦ እየሳቀ፣ ከሥሩ «ደስታችን ወሰን የለውም» የሚል ጽሑፍ። አያ ቢተው ፎቶው ላይ ግማሻቸው አለ። ልጓም የያዘው ግማሽ።

ፋብሪካው ግን አልመጣም። ባለሀብቱ በሂደት ላይ ነው ይባላል። ሣሩ ከሽቦው ወዲያ ወገብ ድረስ አድጎ፣ በበጋ ደርቆ፣ በክረምት በሰበሰ። ከሽቦው ወዲህ ዳማው ቆሞ ያየዋል። ገለባ ገዛን፣ አልዘለቅነውም። ጎድኑ ሲወጣ፣ አንድ ጠዋት አያ ቢተው እኔ ቤት መጡና፣ ውሰድልኝ፣ እኔ ገበያ ላይ ቆሜ አልሸጠውም አሉኝ። ዳንግላ ወስጄ ሸጥኩት። የገዛው የጋሪ ባለቤት ነው። ማን ሌላ ይገዛዋል? ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ያሳፍራል።

ከዚያ ወዲህ አያ ቢተው ከቤት አይወጡም ነበር። በኋላ የሽቦው አጥር አላማረም፣ በድንጋይ ይተካ ተባለና ድንጋይ የሚያመላልሱ ጋሪዎች ተጠሩ። ከዳንግላም መጡ። አንድ ቀን አያ ቢተው ፀሐይ ሊሞቁ ደጃፍ እንደወጡ አንድ ጋሪ መንገዱ መሐል ቆመ፣ አልንቀሳቀስ አለ። ባለጋሪው ይገርፋል፣ ፈረሱ ወደ ቤታቸው ዞሮ ቆሟል። ሰናይት አብራቸው ነበረች፤ እሷ ናት የነገረችኝ። አያ ቢተው አዩትና አወቁት። ከዚያ ባለጋሪውን ጠሩትና «ልጄ፣ አትምታው። በአዊኛ ሂድ በለው፣ አማርኛ አልለመደም» አሉት። ቃሉንም አስተማሩት። ልጁ ያስተማሩትን ቃል ሲለው ዳማው ድንጋዩን ይዞ ወደ ሜዳው ሄደ።

ሰሞኑን ደግሞ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስቡ ሌሎች ሰዎች መጡ። ፕሮጀክቱ ምን ያህል ሥራ እንደፈጠረ ማወቅ ይፈልጋሉ። አንዱ ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ፂሙን ሊላጭ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና በዚያውም ይጠይቀኝ ጀመር። ሰናይት ከኋላ ፎጣ ታጥባለች። በሜዳው ሥራ ያገኘ ሰው ታውቃለህ ወይ አለኝ። ሥራ ያገኘ አውቃለሁ አልኩት። ስልኩን አወጣ። ስሙን ጠየቀኝ። ዳማው አልኩት። የአባቱን ስም ጠየቀኝ። ቢተው አልኩት። በምን ዘርፍ አለኝ። በጭነት አልኩት። ተጨባጭ ለውጥ ነው ብሎ መዘገበውና አመሰገነኝ። ፂሙን በጥንቃቄ ላጨሁት።

ማምሻውን ለአያ ቢተው ሄጄ አጫወትኳቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። በእኔ ስም? ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። በእርስዎ ስም አልኳቸው። እንደገና ሳቁ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንዲያ በሕግ ከተመዘገበ፣ ጡረታም ይኖረዋላ?» አሉኝ።

የጋሪ ፈረስ ጡረታ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጉልበቱ ሲያልቅ ጋሪው ይፈታለትና አስፋልት ዳር ይለቀቃል። ሲመሽ ጅብ ይረከበዋል።

«አዎ፣ አለው» አልኳቸው።