ሃሊፋክስ እስኪለይላት

ድሮ ፍርሃት ቅርብ ነበር። ሰው የሚፈራው በዓይኑ የሚያየውን፣ ቢበዛ ከጓሮው የሚሰማውን ነበር፤ ጅብ፣ ጎርፍ፣ የጎረቤት ዓይን፣ ገብሱ ሊያሸት ሲል የሚወርድ ውርጭ። ዛሬ ግን ፍርሃት እንደ ስልክ ሆኗል፤ ከየትም ይደወላል። ደብረ ታቦር ቁጭ ብላችሁ፣ የራሳችሁ የሚፈራ ነገር ሞልቶ ተርፎ ሳለ፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ፣ ኔትወርክ አለ ወይ፣ አሁን የሰማነው የበር ድምፅ ነው ወይስ የሌላ እያላችሁ ስትጨነቁ፣ በዚያ ላይ ስሟን በቅጡ መጥራት የማትችሉት ከተማ ተደርባ ታስፈራችኋለች። እኔን የምታስፈራኝ ሃሊፋክስ ትባላለች።

ምን አድርጋህ ነው ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ሃሊፋክስ የበረዶ ሆኪ ቡድን መሸከም ትችላለች ወይስ አትችልም? ሳቃችሁን ዋጥ አድርጉና ስሙኝ። የበረዶ ሆኪ ማለት የኛው የገና ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ መሆኑ፣ ተጫዋቾቹ ጫማቸው ሥር ቢላ የመሰለ ብረት አስረው መንሸራተታቸው፣ የሚመቱትም ኳስ ሳይሆን ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ መሆኑ ነው። እነሱ ደግሞ ለመፈነካከቱ ደመወዝ ይበላሉ። እኛ በነፃ ነው የምንፈነካከተው።

ታናሽ እኅቴ አለምነሽ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ውስጥ፣ በአንድ የበረዶ አዳራሽ ትሠራለች። በረዶውን የሚያለሰልስ ትራክተር መሳይ መኪና አለ፤ እሱን ትነዳለች። እዚህ ሳለች ብስክሌት እንኳ ነድታ አታውቅም። መጀመሪያ የሄደችው ዐረብ አገር ነበር። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት ልብሷን ይዛ ስትመለስ ከሰው ጋር ማውራት ትታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጥ ነበር፤ እንጀራ ስናቀርብላት ከመቁረሷ በፊት «ልብላ?» ብላ ትጠይቀናለች። በገዛ ቤቷ። ሁለተኛ ስትሄድ አሠሪዎቿ ደጎች ሆኑና ወደ ካናዳ ሲዛወሩ ይዘዋት ሄዱ፤ በኋላ አዳራሹ ቀጠራት። የመኖሪያ ፈቃዷ ግን ከአዳራሹ ጋር የታሰረ ነው። ባለቤቱ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ከተማዋ ትልቁ ሊግ ውስጥ ቡድን ካገኘች አዳራሹ ይሰፋል፣ እናንተም በሥራችሁ ትቆያላችሁ፤ ካላገኘች እዘጋዋለሁ። የሚሰጠው ቡድን ደግሞ አንድ ብቻ ነው እየተባለ ይወራል።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ጂኦግራፊ ተምረሃል» አለችኝ በስልክ። «እስኪ አስበህ ንገረኝ። ይሰጡናል?»

የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ከተማ ምን መሸከም እንደሚችል። ቶሮንቶና ሞንትሪያል ለክርክር አይቀርቡም፤ ሁለት ሦስት ቡድን ቢጭኑባቸውም አይጎብጡም። ካልጋሪና ኤድመንተን ነዳጅ አላቸው። ዊኒፔግ ቡድኗን አንዴ አጥታ መልሳ አግኝታለች፤ ኩቤክ የሄደባትን እስካሁን ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቃለች። ሃሚልተን ሰውም ገንዘብም አላት፤ ነገር ግን ቶሮንቶ አጠገቧ ተደንቅራ መፈናፈኛ አሳጥታታለች። ባሕር ዳር እንግዳችንን ሁሉ የምትውጥብን የደብረ ታቦር ሰዎች ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ሃሊፋክስስ? አዲስ ሰው እየጎረፈባት ነው፤ ግን ትንሽ ናት፣ ዳር ናት፣ ትልልቅ ኩባንያም የላትም። መልሱን ዐወቅሁት። ያችን ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውን ልጅ አሰብኩና «ይሰጧችኋል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ስለት ተስሎ የማያውቅ ሰው፣ ሰው ሲሳል ሲያይ ከንፈሩን የሚያጣምም ሰው፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት በጉና ግርጌ ወዳለች አንዲት ደብር በእግሬ ወጣሁ። ስለት ሰሚ ናት ይባላል። ለሃሊፋክስ ጃንጥላ ልሳል ነው።

እዚያ ልማዱ እንዲህ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ባለ ስለቶች ይሰለፋሉ፤ ቄሱ መምሬ አስረስ ፊት ቀርቦ ሁሉም የተሳለውን በሰው ፊት ይናገራል። ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሳስካቱን ቡድኑን ካገኘች መጋረጃ አስገባለሁ» አሉ።

መምሬ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ማን ካገኘች?»

«ሳስካቱን። ከተማ ናት መምሬ፤ ልጄ ያለባት።»

«ምን እንድታገኝ?»

«የበረዶ ተጫዋቾች።»

በድምፃቸው ዐወቅኋቸው። አቶ ውበቱ ናቸው። አንቱ የምላቸው ከአክብሮት ሳይሆን ከአስተዳደጌ ነው። እኒህ ሰው የትምህርት ቢሮ ኃላፊ ሳሉ ለካናዳ ትምህርት ዕድል በውጤት አንደኛ ወጥቼ ነበር። የመራጩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ፤ የሄደው ልጃቸው ሆነ። እኔ እዚሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የካናዳን ዋና ዋና ወንዞች አስተምራለሁ። የእኔን ቦታ ይዞ የሄደው ልጅ ዛሬ ሳስካቱን ውስጥ በአንድ የሆኪ አዳራሽ ደጃፍ መኪና ያሰልፋል፤ ቡድኑ ከመጣ ቋሚ ሠራተኛ ሊሆን ነው። መኪና ማሰለፉን የሰማሁ ቀን ራት ሁለቴ ነው የበላሁት። አልዋሻችሁም።

«መምሬ፣ ይህ ስለት አይያዝ» አልኩ። «ቡድኑ አንድ ነው። እኔ እኅቴ ላለችባት ለሃሊፋክስ ጃንጥላ ልሳል ነው የመጣሁት።»

አቶ ውበቱ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ልጄን ልትከተል መጣህ?»

«እኔ አልተከተልኩም። እሱ ነው በእኔ መንገድ የሄደው።»

«ያን ጊዜም ነግሬሃለሁ፤ የወሰነው ኮሚቴው ነው።»

«ሰብሳቢው አንቱ ነበሩ።»

መምሬ አስረስ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፤ መጀመሪያ ይህን ንገሩኝ። በረዶ ነው የምትለምኑት? እኛ ክረምት በመጣ ቁጥር አይውረድብን ብለን ምህላ የምንይዝለትን? ገበሬው ሰምቶ በዱላ ቢላችሁ አላስጥላችሁም።»

«ይለምኑ እንጂ መምሬ» አሉ ከኋላ የተሰለፉ አንዲት ሴት። «የኛውም ወደዚያው ይሂድላቸው።»

ሰልፉ ሳቀ። እኔና አቶ ውበቱ አልሳቅንም። መምሬም አልሳቁም።

«እናንተ ገብርኤልን አማላጅ ሳይሆን ዳኛ ነው ያደረጋችሁት» አሉ። «አንድ ታቦት ፊት ቆማችሁ አንዱ ይነሣ፣ አንዱ ይውደቅ ትሉታላችሁ። እንዲህ ያለ ስለት አልቀበልም። ተለዋወጡ።»

«ምኑን?»

«ስለቱን። አንተ ለእሳቸው ልጅ ተሳል፤ እሳቸው ለእኅትህ ይሳሉ። ያለዚያ ጃንጥላህንም መጋረጃቸውንም ይዛችሁ ውረዱ።»

አስቡት እንግዲህ። ቦታዬን ለወሰደው ሰው ከተማ። እንቢ እንዳልል አለምነሽ አለች፤ የገብርኤልን ደጅ ረግጦ ስለት ሳይሳሉ መመለስ ደግሞ ከዚያም የከፋ መሰለኝ። «ሳስካቱን ካገኘች» አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ።

«ጮክ በል» አሉ አቶ ውበቱ። «እኔ አልሰማሁህም፤ መልአኩማ በየት በኩል ይሰማሃል?»

በዚህ ዘመን ያን ቁልቁለት ብቻውን የሚወርድ የለም፤ አብረን ወረድን። ጎንበስ ያለ ሰው ከሩቅ ባየን ቁጥር ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ እንጨት ለቃሚ መሆኑን ስናይ ሁለታችንም እናስላለን። መኻል ላይ አቶ ውበቱ ቆሙ።

«የክርስትና ስሟን ንገረኝ።»

እናንተ የአገሬ ሰዎች ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያለ ክርስትና ስም ጸሎት አይደርስም። ድግምትም እንዲሁ። ስለዚህ ለወዳጅ እንኳ በጆሮ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ ለዚህ ሰው። አንዴ የእኔን ዕድል በእጃቸው ይዘው ምን እንዳደረጉበት አይቻለሁ። እሳቸውም ፊቴን አይተው እንደ እኔው እንደፈሩ ገባኝ፤ የልጃቸው ስም በማን እጅ ሊገባ እንደሆነ ያውቃሉና።

«ወለተ ሥላሴ» አልኩ።

«ገብረ ማርያም» አሉ።

ትንሽ እንደሄድን «መቼም አንተ ተምረሃል፤ ማን የሚያገኝ ይመስልሃል?» አሉኝ። እውነቱን ብነግራቸው ሁለቱም አያገኙም። ሳስካቱን ስንዴና ሜዳ ናት፣ ሃሊፋክስ ባሕርና ነፋስ። ለዓመታት የጠበቅሁት የበቀል ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው ለአለምነሽ አጥብቆ ይለምናል?

«ሁለቱም ይችላሉ» አልኳቸው።

«ቡድኑ አንድ ነው አላልክም?»

«ሁለት ሊሰጡ ይችላሉ።»

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከተማችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጎን ለጎን እንቆማለን። እኔ «ወለተ ሥላሴን» ማለታቸውን አደምጣለሁ፤ እሳቸው «ገብረ ማርያምን» ማለቴን። ድምፄ ዝቅ ሲል በክርናቸው ጎሸም ያደርጉኛል። ይሄ ቁጥጥር ነው፤ ምእመናኑ ግን እርቅ ነው ይላሉ። ሰባኪው ሳይቀር ስማችንን ሳይጠራ ወደ እኛ እያየ ስለ ይቅርታ አስተማረብን። አንዳንድ እናቶች የተጣሉ ልጆቻቸውን «እነሱን እዩ» እያሉ በጣት ያሳዩናል።

ባለፈው እሑድ አቶ ውበቱ ቀሩ።

ወንጌሉ እስኪነበብ ደጁን ደጁን ሳይ ቆየሁ። አልመጡም። ዛሬ ለአለምነሽ ማን ሊቆምላት ነው? ቅዳሴው እንዳበቃ ወደ ቤታቸው በሩጫ ሄድኩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሳቸው ጋቢ ተከናንበው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ።

እንደምን አደሩ ማለቱንም ረሳሁት። «ዛሬ ለእኅቴ ጸለዩ?»

«ተኝቼም ቢሆን ብያለሁ» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «አንተስ?»

«ብያለሁ።»

«ጮክ ብለህ?»

«ጮክ ብዬ።»

ባጃጅ አቁሜ፣ አቅፌ ጫንኳቸው። ቀላል ናቸው፤ ያን ሁሉ ዓመት ደረቴ ላይ ሲቀመጡ እንዲህ ቀላል አልነበሩም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለኝ፤ ከዚያም ሁለታችንን አየት አድርጎ «አባትህ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይደሉም» አልኩት። «ግን አደራህን፣ እንዳይሞቱብኝ።»

ከካናዳ እስካሁን የተሰማ ነገር የለም። አለምነሽ በረዶዋን ታለሰልሳለች፤ ያ ልጅ መኪናውን ያሰልፋል። አቶ ውበቱ ተሽሏቸው ወጥተዋል፤ ሳሉ ግን አለቀቃቸውም። እኔም ማታ ማታ ሾርባ አደርስላቸዋለሁ፤ በነፋስ እንዳይወጡ እቆጣቸዋለሁ፤ ነጠላቸውን ደራርቤ አለብሳቸዋለሁ። ሳላቸው በሰማሁ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ሞታቸውን ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ግን ሃሊፋክስ እስኪለይላት ድረስ መኖር አለባቸው።