ከራሜሽ እናት ጋር የጾምኩት ጾም

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ይቺን ግን አውቃለሁ፦ ሰው ቤት ገብቶ «አልበላም» ከማለት የባለቤቱን ጢም መንጨት ይቀላል።

መኪናዬ ከሞተች ወዲህ ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ያለው መጋዘን ሥራ የሚያደርሰኝ ህንዳዊው ጎረቤቴ ራሜሽ ነው። እዚህ አገር መኪና የሌለውን ሰው ምን አደክማችኋለሁ፣ ዶሮም ይንቀዋል። ታዲያ ራሜሽ «ቅዳሜ ቤቴ ፑጃ አለ፣ ና» አለኝ። ፑጃ ማለት አምላካቸውን እንደ ክቡር እንግዳ ቤት ጠርተው አበባ፣ መብራትና ምግብ የሚያቀርቡበት ሥርዓት ነው። ለአምላክ የቀረበውን መልሰው ለሰው ያድላሉ፤ እሱን እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው አሉኝ።

እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ!

ሳምንቱን እንቅልፍ አጣሁ። ብቀምስ ጾሜ ፈረሰ። ባልቀምስ ሰኞ በእግሬ ነኝ፤ በእግሬ ከሄድኩ መጋዘኑ ሳልደርስ ጡረታዬ ይደርሳል።

ቅዳሜ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ካህናቸው ያዜማል፣ ደወሉ ያቃጭላል፣ የኔ ልብ ከደወሉ በላይ ይመታል። ሲያበቃ የራሜሽ እናት ወተት፣ እርጎና ማር የተቀላቀለበት ማንኪያ ይዘው ወደኔ መጡ። ላብ አጠመቀኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ... ጾም ላይ ነኝ።»

ራሜሽ ተረጎመላቸው። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። በቃ፣ ሰኞ በእግሬ!

እማማ ግን ራሴን ዳበሱኝ፤ ዞረው ልጃቸው ላይ ወረዱበት።

«ምን አሉ?»

«ባዕዱ ሲጾም አንተ ጠዋት ዶናት ትውጣለህ ነው የምትለኝ» አለ ራሜሽ አንገቱን ደፍቶ። «እሷም ጾመኛ ናት። ከጎኗ ተቀመጥ፣ ክብር ነው።»

ተቀመጥኩ። ኩራት ሊገድለኝ! ወዲያው ማዕድ ቀረበ፦ ምስር፣ ድንች፣ ሩዝ፤ ሽታው ከሩቁ ዴንተን ከተማ ድረስ ሰው የሚጠራ።

«ራሜሽ፣ ቅቤ አለበት?»

«የለበትም፣ በዘይት ነው።»

«ሶ፣ ልብላ!»

«እንዴ! ጾመኛ ነኝ አላልክም? እናቴ ጨረቃ በምትሞላበት ቀን ጨረቃዋን ሳታይ ውሃም አትቀምስም።»

ከድጡ ወደ ማጡ! የኛ ጾም ሥጋና ወተት ይከለክላል እንጂ ምስር ጠልቶ አያውቅም። ግን ለማን ይነገራል? ዓይኔ እያየ ቤቱ ሙሉ ሰው በላ። እማማ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው በመስኮቱ ጨረቃ ይፈልጋሉ፤ የቴክሳስ ደመና እንደሆነ እልኸኛ ነው።

ሊፍቱ ተርፎልኛል። እንዲያውም እማማ «ይህን ጻድቅ ሳትይዝ ሥራ እንዳትሄድ» ብለው ልጃቸውን አስምለውታል። በየወሩ ጨረቃ ስትሞላ ደግሞ አብሬያቸው እንድጾም ተወስኖልኛል።

ወገኖቼ፣ ርካሽ መኪና የሚሸጥ ካለ፣ ጨረቃ ሳትሞላ ኮል አድርጉልኝ።