ኮምፒዩተሩን በአባቴ ሬዲዮ

መሣሪያ መምረጥ ቀላል የሚመስለው ሥራው እስኪመጣ ድረስ ነው። ሚስማር ለመምታት መዶሻ፣ ሽንኩርት ለመክተፍ ቢላ፤ እዚህ ድረስ ሁላችንም ሊቃውንት ነን። የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ የማይሸት ስህተት ለመፈለግስ ምን ይዛችሁ ትነሳላችሁ?

በደርግ ጊዜ ከቀራንዮ በአውቶቡስ እየተጋፋሁ የምሄድበት መሥሪያ ቤት ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒዩተር ነበረው። ይህ ባለግርማ ዕቃ ሥራ መሀል ድንገት ድርቅ ብሎ ይቆም ጀመር። ጥፋቱ ከርነል በሚባለው፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ በሚያስተዳድረው እምብርቱ ውስጥ ነው። አለቃችን በሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ከውጭ ባለሙያ እንደሚያስመጡ፣ እኔንም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚያዛውሩኝ በትህትና ነገሩኝ። የከርነል ኮድ የምታነብ የቀራንዮ ልጅ ጆንያ ልትቆጥር? ደሜ ፈላ።

መጀመሪያ ማሽኑ ሲደርቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በወረቀት አሳተምኩ። ወረቀቱ ወለሉን ሞላው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? ይሄ ግን የት እንደቆመ እንጂ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይናገርም። ቀጥዬ ኮዱ ውስጥ «እዚህ ደረስኩ» እያለ የሚያትም ትእዛዝ ሰገሰግኩበት። ማተሙ ማሽኑን አንቀራፈፈውና ስህተቱ ጭራሽ ጠፋ! እንግዳ ሲመጣ ጨዋ የሚሆን ልጅ አታውቁም? ትእዛዙን ሳወጣው ተመልሶ መጣ። እንግዲህ የሚያስፈልገኝ ሳይነካው የሚከታተል መሣሪያ ነበር።

ኮምፒዩተር አጠገብ የተቀመጠ ሬዲዮ እንደሚንጫጫ፣ ማሽኑ ሥራ ሲቀይር ጫጫታውም እንደሚቀየር አውቃለሁ። ሬዲዮ ያላቸው ደግሞ አባቴ ናቸው፤ ለጎረቤት ቀርቶ ለልጅም አያስነኩም። ጉዳዩን ስነግራቸው «ጆንያ ከምትቆጥሪስ ውሰጂው፤ ግን እንደወሰድሽው መልሺው» አሉኝ። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሲፈትሸኝ የየትኛውን አገር ጣቢያ ልሰማ እንደሆነ ጠየቀኝ። የኮምፒዩተሩን ስለው ግራ ገብቶት አሳለፈኝ።

ሬዲዮውን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁት። የዲስኩ ሥራ ያጉረመርማል፣ የማተሚያው ያፏጫል። ማሽኑ ሲደርቅ ዝም ይላል ብዬ ስጠብቅ ሁለቱ ድምፆች ይቀባበሉ ጀመር፤ ማጉረምረም፣ ፉጨት፣ ደግሞ ማጉረምረም፣ ደግሞ ፉጨት። ለካ አልደረቀም! ሁለቱ ክፍሎች በር ላይ እንደተገናኙ ሽማግሌዎች «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በመድኃኔዓለም፣ እርስዎ!» እየተባባሉ ነው። ኮዱን ከፍቼ አንደኛውን ይሉኝታ ነሳሁት፤ ማንንም ሳይጠይቅ ይግባ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አንዴም አልቆመ።

ኩራቴን ልደብቅ እንዴ? ለምን ሲባል! በሳምንቱ መጨረሻ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ አንገቴ ቀና እንዳለ ዛሬም ይታወቀኛል። ባለሙያውም ቀረ፣ ጆንያውም ቀረ፣ እኔ ከማሽኔ ጋር ቀረሁ። አለቃችን ጭብጨባው ሲበርድ፣ ሬዲዮው ለሥራው እጅግ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት መሆኑን አስታወቁ፤ እንደገና ተጨበጨበ።

ባዶ እጄን ቤት ገብቼ እየፈራሁ ለአባቴ ነገርኳቸው። ሬዲዮው ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አዩና፣

«ትርፍ ቤት ሲወረስ አይቻለሁ» አሉ። «እኔ ትርፍ ሬዲዮ መቼ ነበረኝ?»