አሥራ ዘጠኝ አለቃ፣ አንድ እግረኛ

ሰው የራሱ ልብስ ቢቀደድ ችሎ ይኖራል፤ የቅድመ አያቱን ልብስ ግን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። እኔ በዚህ ነገር ብዙ ተመራምሬያለሁ። ምርምር ስል እንደ ማራኪ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጽሐፍ ገልጬ አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፣ እሱንም ሳልጨርስ ነው ያቋረጥኩት። የእኔ ምርምር ግድግዳ ተደግፎ ሰው ማየት ነው። ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ ለብሶ ገበያ የሚወጣው የመንደራችን ሰው፣ ስለ ምንጅላቱ ሲጠየቅ ሐር የሚያለብሰው ምነው? ሙት መቼም አይበርደው።

ባለቤቴ ይታይሽ ከጭቃ ሰው ትሠራለች። እግዜርም የጀመረው በዚሁ ነው፤ የእሷዎቹ ግን ስለማይናገሩ ይሻላሉ። የስንዝር ቁመት ያላቸውን ሰዎቿን ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ደርድራ ፀሐይ ሲመታት ይውላል። ማኪና በቆመ ቁጥር ትሮጣለች፤ ማኪናው የቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ ሽንቱን ሊሸና ነው።

አንድ ቀን ከማራኪ የታሪክ መምህር መጣ። መነጽሩ ወፍራም፣ ድምፁ ቀጭን የሆነ ሰው ነው። ፒያሳ ላይ አዲስ በተከፈተ አዳራሽ የመስታወት ሳጥን አለና እዚያ የሚቆሙ ሃያ የጥንት ወታደሮች ሥሪልኝ አላት። ካማሩለት የአዳራሹ ሥራ ሁሉ የእሷ ሊሆን፣ እሷም ከመንገድ ዳር ልትገላገል ነው። ያን ቀን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ፈረንጅ ቢቆም ይታይሽ ዞር ብላ አላየችም።

መምህሩ ግን አንድ ጣጣ ነበረበት፤ ልክ ካልሆነ አይወድም። አለቃው አንድ ብቻ ይሁን፤ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ፣ ለምድ በትከሻው ላይ እሱ ብቻ ያድርግ አለ። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ እግረኞች ናቸው፤ ባዶ እግር፣ አጭር ሱሪ፣ አንድ ጦር፣ አንድ የቆዳ ጋሻ። ጎራዴው በቀኝ ጎን ይታጠቅ። የጥይት ዝናር የሚባል እንዳላይ፤ በዚያ ዘመን አልነበረም አለ።

ጎራዴ በቀኝ የሚለው አልዋጥልህ አለኝ። ቀኝ እጅ ከቀኝ ጎን እንዴት አድርጎ ይመዛል? ሰውዬው መጽሐፉን ገልብጦ ይዞት እንደሆነስ? አያ ደመቀን ልጠይቅ ሄድኩ። አያ ደመቀ የመንደራችን አንጋፋ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የይታይሽ ጭቃ የሚቆፈረው ከማሳቸው ጥግ ነው። እሳቸው ቅር ካላቸው ጭቃ የለም፣ ጭቃ ከሌለ ሰው የለም። ሽማግሌው ወገባቸውን በገመድ አሰሩ፣ ማጭድ በቀኝ ጎናቸው ሻጡ፣ ወንፊቱን እንደ ጋሻ በግራ ክንዳቸው ያዙ። አየህ፣ ጋሻው ፊትህን ዘግቶት እጅህ በየት ተሻግሮ ከግራ ይመዛል፣ መምህርህ ሸጋ አድርጎ ያውቃል አሉና ማጭዱን መዘዙት። ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ተተረተረ። የታሪክ ማስረጃ እንዲህ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩማ! ለምን እንደጠየቅኋቸው ነገርኳቸው፤ እሑድ ደግሞ በማኅበሩ ላይ ለሁሉም አወራሁ። ሳጥኑን ትንሽ አተለቅሁት። እኔ ነገር ሳወራ እጥፍ ባደርግ ነው፤ ከሦስት እጥፍ አልፌ አላውቅም። መንደርተኛው የገባው ግን ቅድመ አያቶቻችን ፒያሳ መሐል ለዘለዓለም ሊቆሙ ነው የሚል ነው።

በማግስቱ ደጃችን እንደ ችሎት ሞላ። አንዱ የእኛ ሰው ጎፈር ነበረው አለ። ሌላው የኛማ ለምዱ የነብር ነው አለ። ሦስተኛው ዝናር አስታጥቂልኝ ሲል ያኔ ገና አልነበረም አልኩት፤ ለእናንተ አልነበረም ይሆናል፣ ለእኛ ቀድሞ ገብቷል አለኝ። አያ ደመቀ መጨረሻ መጡና ጎፈሩም ለምዱም ሳይቀር ጫማ ጨመሩበት። ምንጅላቴ በባዶ እግሩ ቆሞ የፒያሳ ሰው ሊስቅበት? እንዲያ ከሆነ ይታይሽ፣ ከማሳዬ እፍኝ ጭቃ አታነሺም አሉ።

ይታይሽ ምን ታድርግ? ለአሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ አሥራ ዘጠኝ ጎፈር ሠራች። የአያ ደመቀን ሰው ጫማ ያደረገችው የራሳቸውን የክረምት ቦቲ አይታ ነው። አንድ ወታደር ቀረ፤ እግረኛ የሚሆን ዘር ግን በመንደሩ ጠፋ። ያን ጊዜ ይታይሽ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። የእኔ ምንጅላት እኮ ሐር ለብሶ ብዬ ስጀምር፣ ይህን ሁሉ መዓት ያመጣብኝ አፍህ ነው፣ ዝም ብለህ ቁም አለችኝ። ቆምኩ። ቅልጥሙ ቀጭን፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ ጦሩን እንደ ግድግዳ የተደገፈ አንድ ሰው ወጣላት።

መምህሩ ጭቃዎቹ ገና በእሳት ሳይቃጠሉ ሊያያቸው መጣ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አያቸው። ይህ ሠራዊት ሳይሆን የአለቆች ስብሰባ ነው፣ ማን ሊዋጋ ነው አለ። ስብሰባ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን እኛን አልደነቀንም። ጫማውን ሲያይማ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ይታይሽ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች፤ መንገድ ዳሩና ፀሐዩ ታይተዋት ይሆናል።

ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን የእኔን ሰው አነሣ። ይኸው፣ ይኸው ልኩ! ከየት አገኘሽው፣ ምንጭሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ይታይሽ በአገጯ ወደ እኔ አሳየችው። እኔን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ እስቲ ዙር አለኝ። ዞርኩ። ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈና የዚህን አሥራ ስምንት ጨምሪልኝ አላት። ከአለቆቹ አንዱ መትረፍ ስለነበረበት፣ የጭቃው ባለቤት ማን እንደሆነ እያወቅን ክርክር አላስፈለገንም፤ የአያ ደመቀ ሰው ጫማው ብቻ ተፍቆ ተረፈ። አሥራ ስምንቱ አለቆች ውኃ ፈሰሰባቸው፣ ከዚያው ጭቃ የእኔ ወገን ተፈለፈለ። ባለ አለቆቹ ለጥቂት ቀን ሰላምታ ነፈጉን፤ በባዶ እግር ከመቆም ግን አለመቆሙን መረጡ።

ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት በባጃጅ ተጫጭነን ፒያሳ ወረድን። ሰዉ አደነቀ፤ መምህሩም ለይታይሽ ቀጥሎ ሃምሳ ፈረሰኛ አዘዛት። እሷም ንግግሩን ሳይጨርስ እሺ አለች። አያ ደመቀም ስለ ጫማው ምንም አላነሡ፤ ምንጅላታቸው ጎፈሩን ደፍቶ ከፊት ብቻውን ቆሟል። ኋላ ግን ጠሩኝና እነዚህ ከበስተጀርባው ያሉት የማን ናቸው አሉ። የእኔ ናቸው አያ አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አሥራ ዘጠኙም? አሥራ ዘጠኙም። ጦር ይዘው? እንዴታ! ሽማግሌው መስታወቱን ትክ ብለው አዩ። የእኔን ሰው ፊቱን ወደ እነሱ አዙሩልኝ ብለው መምህሩን ለመኑ። መምህሩ አለቃ ፊቱ ወደ ጠላት ነው፣ ታሪክ አላበላሽም አለ። ጠላቱ ወዴት እንዳለማ አየሁት እኮ አሉ አያ ደመቀ።

በማግስቱ ማለዳ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃችን ቆሙ። ይታይሽ ፈራች። እሳቸው ግን መረቋት፤ ልጄ፣ ለጀበናም ለድስትም የፈለግሽውን ያህል ቆፍሪ፣ ወታደር ግን ሁለተኛ ከእኔ ማሳ እንዳይበቅል አሉ።