ክቡር ወንዳወቅና የጠፈር ወራሪዎቹ

ፊልም ዝም ብሎ ማየት የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ከኋላችሁ ተቀምጦ፣ «አሁን በሩን ሊከፍት ነው፤ ኧረ አትክፈት በለው!» የሚላችሁ ሰው። ፍኖተ ሰላም ላይ ይህን ሥልጣን የያዙት ጎረቤቴ ክቡር ወንዳወቅ ናቸው። ቪዲዮ ቤቱም የራሳቸው ስለሆነ «ዝም ይበሉ» የሚላቸው የለም።

የሚወዱት አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ ነው፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡሮች ምድርን የሚወሩበት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ያረጀ፣ በርካሽ የተሠራ። የጠፈር መርከቡ የድስት ክዳን ይመስላል። ጭራቁ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ ዞሮ ሲሮጥ ዚፑ ይታያል።

«ጋሼ፣ መርከቡ የተንጠለጠለበት ክር ታየ እኮ!» ይላሉ ወጣቶቹ እየሳቁ።

«ክሩ ምን ያደርግልሃል? የሰዎቹን ፊት እይ። የምራቸውን ፈርተዋል!»

ትርጉሙም የእሳቸው ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «የአዴት እርሻ ምርምር ባለሙያ» ይባላል። መርከቡ ማሳ ላይ ያረፈ እንደሆነ ደግሞ ክቡርነታቸው ትርጉሙን ትተው ይቆጣሉ። «ያውም የደረሰ እህል ላይ!»

ዛሬ ዛሬ ሁሉም ስልክ ስላለው ቤቱ ጭር ብሏል። ባለቤታቸው ባንቺአየሁ፣ «ሰዉ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል፤ አንተ ለወንበር ትተረጉማለህ» አለቻቸው። ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም። በጎረቤት ከተማ በጅጋ የገበያ ቀን ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እኔን አሸከሙኝና ወደዚያው ሄድን።

ሳቢሃ የምትባል ነጋዴ ባዶ መጋዘኗን ፈቀደችልን። ገበያተኛው ገብቶ ሞላው። ፊልሙ ጓደኞቹ ምድር ላይ ጥለውት ስለሄዱት አንድ ፍጡር ነበር። ከብት በረት ውስጥ ተደብቆ ሳለ ወታደሮች ከበቡት። ልክ እዚህ ላይ መብራት ጠፋ።

የሚነሣ ሰው አልነበረም። ከፊት የተቀመጡ እማማ ዓባይነሽ የሚባሉ አሮጊት፣ «ልጄ፣ ያ ፍጡር ምን ሆነ?» አሉ።

«መብራት ሄደ፣ እማማ» አልኋቸው።

«እሱንማ አየን። ፍጡሩን ነው የጠየቅሁህ።»

ጋሼ ወንዳወቅ ተነሡና ከጨለመው ቴሌቪዥን ፊት ቆሙ። አዛዡን ሆነው ፎከሩ፤ ወታደሩን ሆነው አነጣጠሩ፤ ፍጡሩን ሆነው ጥግ ይዘው ተንቀጠቀጡ። ሊተኮስ ሲል የበረቱ ባለቤት የሆነች ሴት መሐል ገባች። «ከቤቴ የገባ እንግዳዬ ነው፤ መጀመሪያ እኔን!» አለች። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲነጋ ወገኖቹ ተመልሰው ወሰዱት።

«አገሩ ገባ?» አሉ እማማ ዓባይነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

«በሰላም ገባ፣ እማማ።»

ሰዉ ከተበተነ በኋላ መብራት መጣ። ጋሼ መኪና ሊፈልጉ ወጡ፤ እኔ ቀሪውን አየሁ። ሴት የሚባል የለም። ወታደሮቹ በረቱን ከነፍጡሩ አቃጠሉት፤ ፊልሙም በዚያው አለቀ።

ዞር ስል ጋሼ በር ላይ ቆመዋል።

«ተቃጠለ እኮ!» አልኋቸው።

«ባየሁት ቁጥር ይቃጠላል» አሉ ገብተው የቴሌቪዥኑን ገመድ እየጠቀለሉ። «ዛሬ እንኳ መብራት ሄደልኝ።»

በሳምንቱ እማማ ዓባይነሽ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። «ያችን ሴትዮ በዓይኔ ልያት ብዬ ነው» አሉ። ጋሼ ወንዳወቅ ወንበር ሰጥተው አስቀመጧቸውና ፊልሙን ከፈቱ። ፍጡሩ በረት ገባ፤ ወታደሮቹ ከበቡት፤ ጋሼ ላብ በላብ ሆኑ።

እኔ ከግድግዳው አጠገብ ነበርሁ። እጄን ከኋላዬ ሰድጄ ሶኬቱን ነቀልሁት።

«መብራት ሄደ!» አልሁ።