የምንይሉ ዘመቻ በደጁ መብራት ላይ

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ ጎረቤቱ አፈወርቅ ፓውዛ በሰቀለ በዓመት ከወሩ፥ የማኅበሩ ሙሴ ከቦይ በወደቁ በዓመቱ፥ በጥቅምት ሚካኤል ዕለት፥ የመሐል ሜዳው ምንይሉ፥ ሰባተኛ ክፍልን በቃኝ ያለ፥ የመሰላል ጌታ፥ ቂሙን የማይረሳ አንበሳ፥ በገዛ ደጁ መብራት ላይ ዘመተ።

ምክንያቱም ይህ ነው። የሚካኤል ማኅበር ከምንይሉ አባት ዘመን ጀምሮ በዚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳይዘል ጽዋ ሲጠጣ ኖሮ፥ አምና ግን የደጁ መብራት አልበራ ብሎ፥ የማኅበሩ አለቃ፥ ሙሴው ጋሽ መርስዔ ኃዘን ከነጋቢያቸው ከአጥሩ ሥር ካለው ቦይ ገቡ። ተጎትተው እንደ ወጡም፥ ጭቃው ከጢማቸው ሳይደርቅ፥ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «የማኅበር ልጆች፥ ስሙ። እኔ ከእንግዲህ የምንይሉን ደጅ እየዳበስሁ የምገባበት ጉልበት የለኝም። ለከርሞ ሚካኤል፥ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደጁን በርቶ ካላገኘሁት፥ ጽዋው አልፎ አፈወርቅ ቤት ይግባ።»

ጽዋው ሌላ ቤት ቢገባ ምንይሉ በቻለው። አፈወርቅ ቤት! ይህ አፈወርቅ፥ በትምህርት ቤት ምንይሉ በሹክሹክታ የነገረውን መልስ እጁን አውጥቶ የተጨበጨበለት፥ በምንይሉ ሠርግ ሊመርቅ ተነሥቶ ስለ ራሱ ግማሽ ሰዓት ያወራ፥ ምንይሉ ለእድር ጸሐፊነት ሲታጭም «የሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው» ብሎ ያስቀረው፥ እርሱው ነውና።

በዘጠኝ ሰዓት ሠራዊቱ ተንቀሳቀሰ። ከፊት ምንይሉ፥ የአባቱን የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፥ ካቻቪቴና ቴስተር ታጥቆ፤ በቀኝ የሚስቱ ወንድም ይሥሐቅ፥ የመሰላሉ ዘበኛ፥ ፒንሳ ቢሉት መዶሻ የሚያቀብል፤ በግራ ውሻው፥ በጠላት ላይ ከሩቅ የሚጮህ፤ ከኋላ ገመዱን የበጠሰ አንድ ሙክት፥ ነገሩ ምንም ያልገባው።

ያ መብራት ከግንባሩ ላይ ትንሽ ዓይን ያለው፥ ፀሐይ ስትገባ አይቶ በራሱ የሚበራ፥ ስትወጣም በራሱ የሚጠፋ ነበር። ምንይሉ አምፖሉን ነቅሎ ጓዳ ውስጥ ሞከረው፤ ደኅና ነው። ወደ ቆጣሪው ዘመተ፤ ብሬከሩ አልወደቀም። በቴስተር ሽቦውን ነካ፤ ኤሌክትሪኩ አለ። የአምፖሉን መያዣ ፈትቶ ዝገትና የሞተ ተርብ ሲጠርግም፥ ብሬከሩን መዝጋት ረስቶ ነበርና፥ ኤሌክትሪኩ ክንዱን ይዞ እስክስታ አስመታው፤ ይሥሐቅም መሰላሉን ለእግዚአብሔር አደራ ብሎ ሸሸ። ሁሉ ተጠርጎ ሁሉ ታስሮ፥ ፀሐይ ጠለቀች። መብራቱ ግን ጭጭ።

ያን ጊዜ ሚስቱ ጌታነሽ ከማድቤት ደጃፍ አዋጅ አወጣች፦ «በዚህ ግቢ ያላችሁ፥ ሰውም በግም፥ ስሙ! ወጡ ደርሷል፥ ጠላው ጠልሏል። ጽዋው አጥር ከተሻገረ እኔም ከነድስቴ እሻገራለሁ። ያ ሰውዬ ከመሰላሉ ጋር ይደር!»

አፈወርቅም፥ ፓውዛውን እንደ ልማዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ አብርቶ የነበረው፥ ከአጥሩ ማዶ አዋጅ መለሰ፦ «ጎረቤቶች፥ እንዳትሰናከሉ፥ የኔ ደጅ ቀን ሆኗል! ምንይሉ ሆይ፥ አትልፋ፤ ሽቦ የሚነካው የተማረ ነው። ሚስቴ ትርሲት ምንጣፉን አንጥፋለች!» ፓውዛውም የምንይሉን ቤት ግንባር አጠበው፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን ቦይ ግን በጨለማው ተወው።

ምንይሉ ደሙ ፈላ። መብራቱን በቡጢ ሊያደቅቀው መሰላሉን ወጣ፤ ቡጢውን ሲያነሣም መብራቱ ቦግ አለ። ደንግጦ ወረደ፤ ጠፋ። ወጣ፤ በራ። ወረደ፤ ጠፋ። ይሥሐቅም «ጌታውን ዐወቀ!» ብሎ አወጀ። ምንይሉ ግን በሦስተኛው መውጣቱ ገባው፤ ሲወጣ ራሱ ፓውዛውን ከመብራቱ ዓይን እየከለለ ነው። መብራቱ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም፤ የአፈወርቅን ፓውዛ ፀሐይ መስሎት፥ ገና አልመሸም ብሎ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል። ምንይሉም በመሰላሉ ጫፍ ቆሞ፣ እኔንስ ስንት ዓመት እንዲህ አድርጎኛል ሲል አሰበ።

አፈወርቅን አጥፋልኝ ብሎ መለመን ሞት ነበር። ስለዚህ የአባቱን ቆብ ከራሱ አውልቆ በመብራቱ ዓይን ላይ ደፋበት፥ በናስትሮም ጠፍሮ አሰረው። ደጁ ቀን ሆነ።

አንድ ሰዓት ሲል ሙሴው መጡ። ቦዩን በዘንጋቸው ጠቆሙት፥ ተራመዱትም፥ ቀና ብለውም፦ «ጽዋው እዚሁ ይኑር። ግን ልጄ፥ ይህ ምኑ ነው ቆብ የለበሰው?» አሉ። ምንይሉም፥ ፓውዛው ፀሐይ መሰለ ቢል አፈወርቅ እስኪሞት እንደሚኮራበት ዐውቆ፥ «በርዶት ነበር» ሲል አወጀ። የመንዝ ሰውም ብርድን ያውቃልና ማንም አልጠየቀም። አፈወርቅ ጽዋውን ከበሩ ሥር ተቀምጦ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ቆብ ያልደፋ መብራት የለም። አፈወርቅ እንኳ ከሰው እንዳያንስ ለፓውዛው ትልቅ ቆብ አሠርቶ፥ እስከ ቅንድቡ ደፋበት፤ ፓውዛውም ከዚያ በኋላ የራሱን ጫማ እንኳ አላሳየውም።

ደጁ ማታ የማይጨልም፥ ጠዋትም የማይጠፋ፥ ቦይን ያሻገረ፥ ጽዋን ያጸና፥ ፀሐይ ነኝ ያለውን በቆብ የሸፈነ ምንይሉ ስሙ ከፍ ይበል፤ በጥቅምት ውርጭ መላጣው እየቀዘቀዘ፥ ቆቡን ግን ለማንም፥ ለራሱም እንኳ፥ አላወረደም።