በደቂቃ ስምንት ጠብታ

ነገሩ የሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ነው። ስልሳ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ስድስት መቶ ብር፣ ለኅዳር ጽዮን በዓል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴት በጀልባ አድርሶ መመለስ። ገንዘቡን የሰፈራችን ማኅበርተኞች አስቀድመው ከፍለውኛል፤ እኔም አስቀድሜ ቆጥሬዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ስሜ አለ። እነዚህ ሰዎች አሰላ ውስጥ በየቀኑ የማገኛቸው ጎረቤቶቼ ናቸው። ሐይቅ ላይ ብሰምጥ አልቅሰው ይቀብሩኛል፤ ባዋርዳቸው ግን እስክሞት ያወሩብኛል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሚያፈስ ነገር ደህና ነው የሚባለው የት አገር ነው? ጣሪያ ቢያፈስ ቆርቆሮው ይቀየራል። ቧንቧ ቢያንጠባጥብ ጎማው ይቀየራል። ጆንያ ቢያፈስ ይሰፋል። እኔ ከዲክሲስ አሰላ በአንድ አህያ ገብስ እያመላለስኩ ነው ሰው የሆንኩት። ያኔ ከጆንያዬ ቀዳዳ የወረደውን ፍሬ መንገድ ላይ ተመልሼ እለቅም ነበር። ሰው ይስቅብኛል። ዛሬ ሁለት ወፍጮ ቤትና አንድ መጋዘን አለኝ፤ የሳቁት ምን እንዳላቸው አልናገርም። እኛ ደገኞች ከውሃ ጋር ያለን ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ ቤት እንዳይገባ መከላከል። ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ስንሠራ ነው የምንኖረው።

ታዲያ ለደገኛ ጀልባ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የሄድኩት ለወፍጮዬ የናፍጣ ሞተር ልገዛ ነበር። ከኦጎልቾ ወዲያ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ጥሩ ሞተር ይሸጣል ተብዬ ወረድኩ። ሞተሩ እውነትም ጥሩ ነው፤ የተቀመጠው ግን ጀልባ ሆድ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ለብቻው አልሸጥም አለ። ሳሰላው ጀልባዋን ጨምሮ መግዛቱ አዋጪ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ዓይነት ጀልባዋን ከነነጂዋ ወረስኩ።

ነጂዋ ገመቹ ይባላል። ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ እዚያው ሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ነጂም መካኒክም የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ከሞተሩ ተነስቶ በጀልባዋ ኋላ ወደ ውጭ የሚወጣ የብረት ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ታስሯል። ዘንጉ በሚወጣበት ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን ቅባት የጠጣ ወፍራም ገመድ ይታሸግና በትልቅ ዳዶ ይጠብቃል። ገመዱን ፓኪንግ ይሉታል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ተደርጎ፣ ዘንጉ ሲዞር ውሃ ይንጠባጠባል። ተቀምጬ ቆጠርኩ። በደቂቃ ሃያ ሁለት።

ገመቹን ጠራሁት። ፓኪንጉ አርጅቷል፣ ይቀየራል አለኝ። ደስ አለኝ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ጀልባዋን ወደ ዳር አወጣናት። አሮጌውን ገመድ በቀጭን መንጠቆ እየጎተተ አወጣው፤ ቋንጣ መስሏል። አዲሱን በዘንጉ ዙሪያ እየለካ በሰያፍ ቆረጠው፣ አራት ቀለበት አደረገው፣ የአንዱ መገጣጠሚያ በሌላው ላይ እንዳይውል እያዞረ አንድ በአንድ አስገባ። ሥራውን ወድጄለታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቁራጭ እንኳ አላባከነም። ከዚያ ዳዶውን በእጁ ጠበቅ አድርጎ፣ በመፍቻ ትንሽ ጨመረና ጀልባዋን ውሃ ውስጥ መልሶ ሞተሩን አስነሳ። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። ስምንት።

ይኸው ያንጠባጥባል አልኩት። ማንጠባጠብ አለበት አለኝ። ማን ነው አለበት ያለው አልኩት። «ላኪ ጋሼ» አለኝ፤ ላኪ በእነሱ ቋንቋ አይሆንም ማለት ነው። «ዘንጉ የሚቀዘቅዘው በእሷ ጠብታ ነው። ሲቆም ትቆማለች፣ ሲዞር ትንጠባጠባለች። ደረቅ ካደረጉት ይቃጠላል።» ውሃ ውስጥ የተነከረ ነገር ይቃጠላል ሲለኝ ምን ልበል? እኔ ለፓኪንግ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር የከፈልኩት ጠብታውን ለማስቀነስ ነው ወይስ ለማስቀረት? በደቂቃ ስምንት ማለት በሰዓት አራት መቶ ሰማንያ መሆኑን ነገርኩት። በባልዲ እንቀዳዋለን አለኝ። አዲስ ዕቃ ገጥሞ ባልዲ የሚያዘጋጅ ሰው፣ በሞቴ፣ ምን ይባላል?

በዋዜማው ገመቹ ናፍጣ ሊቀዳ ኦጎልቾ ሄደ። እኔና ዳዶው ብቻችንን ቀረን። የወፍጮ ቤቴን ትልቁን መፍቻ ከአሰላ ይዤ ነበር የወረድኩት፤ ለምን እንደያዝኩት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሩብ ዙር አጠበቅኩ። ጀልባዋ እንደታሰረች ሞተሩን አስነስቼ ቆጠርኩ፤ አራት። ሌላ ሩብ፤ አንድ። ከዚያ በሁለት እጄ ተንጠላጠልኩበት። ዜሮ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩ፤ ዜሮ። ወለሉን በጨርቅ ወልውዬ፣ ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ለወይዘሮ ዘነበች ስልክ ደወልኩና በደረቅ ጀልባ እንደምትሄድ አበሰርኳት። የደረቀው ጀልባው ነው ወይስ ሐይቁ አለችኝ። ይህች ሴት በሕይወቷ አመስግናኝ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰዎች ተሳፈሩ። ገመቹ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አዳመጠ። ከብዶታል አለኝ። ጋሼ፣ ነክተውታል እንዴ አለኝ። ዝም ብለህ ንዳ አልኩት። ጎንብሶ እንዳያየው ደግሞ ከዘንጉ በላይ ባለው የወለል ክዳን ላይ ሦስት ባልቴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ማን አስነስቶ ያያል?

ሃያ አምስት ደቂቃ ሄድን። መዝሙሩ ደምቋል፤ እኔ ደረቁን ወለል እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ስብ የመሰለ። ወይዘሮ ዘነበች መዝሙሩን አቋርጣ፣ ወርቁ፣ ከታች ምን እየቆላህ ነው አለችኝ። ጭሱ ተከተለ። ገመቹ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ባልቴቶቹን አስነስቶ ክዳኑን ከፈተ። ዘንጉ እጅ አያስነካም። ፓኪንጉ ከሰል ሆኗል፣ ዘንጉም ተበልቷል። ውሃውም ገባ። ይኼኛው ጠብታ አልነበረም፤ ለመቁጠርም አልመቸኝም።

ገመቹ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቅ ስጡኝ አለ። ወይዘሮ ዘነበች ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችው፤ ገመዱ በነበረበት ጠቅጥቆ የውሃውን ጉልበት ቀነሰው። ሌሎቻችን በባልዲ፣ በትሪ፣ በጫማ ጭምር እየቀዳን ሐይቁን ለሐይቁ መለስን። አንድ ዓሣ አጥማጅ አስሮ ወደ ተነሳንበት ዳርቻ እስኪጎትተን ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እዚያ የሚጠብቁት አርባ ሰዎች ተሳፋሪ አድርሰን የተመለስን መስሏቸው ተራ ለመያዝ ሲጋፉ፣ እኛ እስከ ጉልበታችን ርሰን ወረድንላቸው።

ለምን በደንብ አልነገርከኝም አልኩት ገመቹን። ነግሬዎታለሁ ጋሼ አለኝ። ነግሮኛል። ግን ለእኔ እንዲህ አይነገርም፤ እያንዳንዷ ጠብታ ስንት ብር እንደምታወጣ መናገር ነበረበት። ከእሱ ይልቅ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህን ዕቃ የፈጠረው ሰው ነው። ባሕር የሚያሻግር ጭንቅላት እያለው፣ የማያፈስ ነገር መሥራት አቅቶት፣ ማፍሰሱ ልክ ነው ብሎ ዓለሙን አሳመነ። እኔ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ ጆንያው ትንሽ ማፍሰስ አለበት ብል ደንበኞቼ ዝም ይሉኛል?

እንግዲህ ሒሳቡ። ወጪ፦ ለማኅበርተኞቹ የተመለሰ ሠላሳ ስድስት ሺህ። አዲስ ዘንግ ከነቶርኖ ቤት ዋጋው ሃያ ሁለት ሺህ። ሌላ ፓኪንግ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። የወይዘሮ ዘነበች ነጠላ፣ ገበያ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሚያወጣ፣ እሷ ግን ሁለት ሺህ ብላ ሁለት ሺህ ተቀብላለች። ድምር ስልሳ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። ገቢ፦ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ እንዳይገቡ ያገድኳቸው ሁለት መቶ ጠብታዎች። ቤቴ ቧንቧ ስር ተቀምጬ ለካሁት፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። እሱንም ገመቹ ከገቢ አልቆጠረልኝም። ሁለቱም ማንኪያ በኋላ ከሌላው ውሃ ጋር ገብተዋል አለኝ።